አንዲ ግሮቭ፦ ከሃንጋሪ ሸሽቶ ኢንቴልን ያነገሠው ስደተኛ

ላፕቶፕ ላይ "ኢንቴል ኢንሳይድ" የምትለዋን ተለጣፊ አይታችኋል? ኩባንያውን በኮምፒውተር ቺፕ ከዓለም ቁንጮ ያደረሰው ሰው፣ አሜሪካ ሲገባ የ20 ዓመት ስደተኛ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ልጅነት

አንድራሽ ግሮፍ በ1936 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ4 ዓመቱ ክፉ ትኩሳት ይዞት ለጥቂት ተረፈ፤ ጆሮው ግን ተጎዳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አባቱ ለግዳጅ ሥራ ተወሰደ። በ1944 ናዚዎች ሃንጋሪን ሲይዙ እናቱ በሐሰተኛ ስምና ወረቀት ደብቃ አተረፈችው። አባቱም ከጦርነቱ በኋላ በሕይወት ተመለሰ።

▪️ ስደት

በ1956 ሃንጋሪያውያን በኮሚኒስት መንግሥታቸው ላይ ተነሱ። የሶቪየት ታንኮች አመፁን ሲደፈጥጡት፣ ወጣቱ ድንበር አቋርጦ ኦስትሪያ ገባ። በጥር 1957 በመርከብ ኒውዮርክ ደረሰ፤ ስሙንም አንዲ ግሮቭ ብሎ ቀየረ።

ኪሱ ባዶ ነበር። ደግነቱ ኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ያኔ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ጆሮው ያመለጠውን ከአስተማሪዎቹ ከንፈር እያነበበ፣ በ1960 በኬሚካል ምህንድስና ተመረቀ። በ1963 ደግሞ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ።

▪️ ከባዱ ውሳኔ

በ1968 ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር ኢንቴልን ሲመሠርቱ፣ ግሮቭ ከመጀመሪያው ቀን አብሯቸው ነበር። የኩባንያው እንጀራ የሜሞሪ ቺፕ ነበር። በ1980ዎቹ ግን የጃፓን ኩባንያዎች በዋጋም በጥራትም በለጡት።

በ1985 ግሮቭ ሙርን አንድ ነገር ጠየቀው፦ እኛ ተባርረን አዲስ ኃላፊ ቢመጣ ምን ያደርጋል? ሙር፣ ከሜሞሪ ሥራ ይወጣል አለው። ታዲያ ራሳችን ለምን አናደርገውም? አለ ግሮቭ።

አደረጉትም። ኢንቴል የተወለደበትን ሥራ ትቶ፣ የኮምፒውተር አንጎል ወደሚባለው ማይክሮፕሮሰሰር ዞረ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ግሮቭ ከ1987 እስከ 1998 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ሲመራ ግን፣ የኩባንያው ዓመታዊ ገቢ ከ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 26 ቢሊዮን አደገ። በ1997 ታይም መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው።

▪️ ስህተትም ነበረው

በ1994 ፔንቲየም የተባለው ቺፕ አንዳንድ የማካፈል ስሌቶችን ይሳሳት እንደነበር ታወቀ። ኢንቴል መጀመሪያ ጉዳዩን አቃለለው፤ ቁጣው ሲበረታ ግን ለጠየቀ ሁሉ ለመቀየር ተገደደ። ይህም 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው።

▪️ የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ግሮቭ ትልቅ አለቃ ሆኖም የተለየ ቢሮ አልነበረውም፤ እንደማንኛውም ሠራተኛ በአጭር ግድግዳ በተከለለች ጠባብ ቦታ ይሠራ ነበር። የፕሮስቴት ካንሰርን ታገለ፣ በ2000 ደግሞ ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው። በመጋቢት 2016 በ79 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ሃንጋሪ አንድም ቀን አልተመለሰም። ያለ ክፍያ ያስተማረውን ኮሌጅ ግን አልረሳም፤ በ2005 ለምህንድስና ትምህርት ቤቱ 26 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስሙ ይጠራል።