ካፕሱል ቡና ከጀበና ቡና ጋር ይፎካከር ይሆን? (አጭር የታሪክ ቅኝት)

እንደሚታወቀው አርሶ አደሩ ቡናውን ለመሠረታዊ ማኅበሩ ያስረክባል፣ ማኅበሩ ለዩኒየኑ ያቀርባል፣ ዩኒየኑም አዘጋጅቶ ወደ ውጭ ይልካል። ከዚያ ወዲያ ፍሬው የት ደርሶ፣ በምን ዓይነት ዕቃ ፈልቶ እንደሚጠጣ ግን ብዙም አይወራም። ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ሚሊዮን ቤቶች የቡና አፈላል ተለውጧል። የስኒን ግማሽ እንኳ የማትሞላ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና የታሸገባት ካፕሱል የምትባል ዕቃ ገብታለች። ሰውየው ካፕሱሏን ማሽኑ ውስጥ ይጨምራል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቡናው ስኒ ውስጥ ነው። ይህ ነገር በቤት ውስጥ በወጉ ከሚፈላ ቡና ጋር ይወዳደራል ወይ የሚለው ጥያቄ የጠጪው ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ሲታይ ግን አምራቹንም በቀጥታ ይነካል።

ቡናን የማፋጠን ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 አንጄሎ ሞሪዮንዶ የተባለ ጣሊያናዊ በቱሪን ከተማ በእንፋሎት ኃይል ቡና የሚያወጣ ማሽን አስመዘገበ። በ1901 የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ ለእያንዳንዱ ጠጪ ለየብቻ እንዲቀዳ አድርጎ አሻሻለው፤ ኤስፕሬሶ የተባለውም ከፍጥነቱ የተነሳ ነው ይባላል። በ1938 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ኔስሌ ኩባንያ በሙቅ ውኃ የሚሟሟውን ኔስካፌን ለገበያ አቀረበ። ይህኛው በፍጥነት ማንም አልቀደመውም፣ ጣዕሙ ግን ቡናን በሚያውቅ ሰው ዘንድ ብዙም አልተመሰገነም።

የካፕሱል ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤሪክ ፋቭር የተባለ የኔስሌ መሐንዲስ ከጣሊያናዊት ባለቤቱ ጋር ሮምን ይጎበኝ ነበር። ሳንት ኤውስታኪዮ በሚባል ቡና ቤት በር ላይ ከሌሎቹ የረዘመ ሰልፍ አየ። ማሽኑ ከሌላው ቡና ቤት ማሽን የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ ቡና ቀጂው እጀታውን አንድ ጊዜ ጎትቶ በመተው ፈንታ ደጋግሞ ይጎትተው ስለነበር በቡናው ውስጥ ብዙ አየር መግባቱ ላይ ነበር። ፋቭር ወደ አገሩ ተመልሶ ይህንኑ አየርና ግፊት በትንሽ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ለማምጣት ሞከረ፤ የፈጠራ መብቱም በ1976 ተመዘገበ። ኩባንያው ግን ነገሩን ወዲያው አልተቀበለውም። ኔስፕሬሶ ራሱን ችሎ የተቋቋመው አሥር ዓመት ቆይቶ በ1986 ነው። መጀመሪያ ለቢሮዎች ለመሸጥ ቢሞከርም ገበያው አልደራም። በ1988 ዣን ፖል ጋያር የተባለ ሰው ኃላፊ ሆኖ ሲመጣ ፊቱን ወደ ቤተሰብ አዞረ፤ ካፕሱሉንም ከሱቅ መደርደሪያ ይልቅ በአባልነት ክበብ አማካይነት መሸጥ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ንግዱ የሚያቆመው አልተገኘም። በአሜሪካ ደግሞ ኪዩሪግ የተባለው ኩባንያ በ1998 የራሱን ዓይነት አወጣ፤ እሱም ከቢሮ ጀምሮ ወደ ቤት ገባ። የኔስፕሬሶ ዋና ዋና የፈጠራ መብቶች በ2012 አካባቢ ጊዜያቸው ሲያበቃ ሌሎች ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶችም በማሽኑ የሚሠራ ካፕሱል ይሞሉ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ካፕሱል የሚሰጠው ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኔስካፌ ባለበት ገበያ ባላገኘ ነበር። ዋናው ነገር ትኩስነት ነው። ቡና ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ ለአየር ከተጋለጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታው ይሳሳል፣ ቅባቱም ይበላሻል። ካፕሱሉ ሲሞላ አየሩ ወጥቶ ናይትሮጂን ስለሚገባበት ዱቄቱ ለወራት ሳይጎዳ ይቆያል። በሌላ አነጋገር ካፕሱል ለአንድ የቆየ ችግር የተሰጠ የፋብሪካ መልስ ነው።

ለዚያው ችግር የኢትዮጵያ ቤት ከፋብሪካ በፊት የሰጠው መልስ ሌላ ነው። የተቆላውን ከማቆየት ይልቅ ጥሬውን አስቀምጦ፣ ሊጠጣ ሲሉ መቁላት። ጥሬ ቡና በአግባቡ ከደረቀና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ስለዚህ እሽጉ የፍሬው የራሱ አካል ነው ማለት ይቻላል። ለቀማው፣ እጥበቱ፣ ምጣዱ፣ ሙቀጫና ዘነዘናው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ጀበናውም ይጣዳል። (የቡና ቅምሻ ባለሙያዎች የተቆላው ቢያንስ ስምንት ሰዓት አርፎ እንዲቀመስ ይመክራሉ፤ ይህን ምክር የሚሰማ ቤት ግን እስካሁን አልታየም።)

ይህ ወግ በሁሉም የአገራችን ክፍል እኩል የቆየ ነው ማለት ግን አይደለም። ቡና በደቡብ ምዕራቡ ጫካ የበቀለ፣ በዚያው አካባቢ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም በሰሜኑ የክርስቲያን ደጋ ለረጅም ጊዜ የሙስሊሞች መጠጥ ተብሎ ይራቅ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና በመጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማርገባቸው እንደሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ዛሬ ቡና የሌለበት ለቅሶ ወይም ሽምግልና በማይታሰብበት ደጋ፣ ወጉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ብዙም አይዘልም። ልማድ ሰው የሚፈልገውን ሲሰጥ በአጭር ጊዜ ቤት ይሆናል። ካፕሱልንም ቢሆን የባዕድ ነገር ስለሆነ ብቻ አይገባም ማለት አያስኬድም።

ካፕሱል የሚያሸንፍበት ቦታ በግልጽ መነገር አለበት፤ እሱም ድካም ነው። በጀበናው ዙሪያ የሚቀመጠው ቤተሰብና ጎረቤት ብዙ ነው፣ ጢሱ ዓይኗን የሚያቃጥላት ግን አንዲት ሴት ነች። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚፈላ ቡና ከእናት ወይም ከሴት ልጅ ጊዜ ላይ የሚቆረጥ ነው፤ ወጉን የሚያወድሱ ንግግሮችም ይህን ሲዘሉ ይታያል። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሥራ ቀን ማሽን ተጠቅመው ጀበናውን ለእሑድና ለበዓል የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው። እዚያ ቡና መቁላት የጢስ ጠቋሚ ደወል ማስጮህም ያመጣል። በአገር ውስጥ ከተሞችም ቢሆን ሰው ችግሩን በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ በየመንገዱ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዘው ጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶች የቤቱን ቡና በአምስት ደቂቃ ያጠጣሉ። በኢትዮጵያ ከተማ የካፕሱል እውነተኛ ተፎካካሪ እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሚሸነፍበት ደግሞ አለ። ማሽኑ አቦል እንጂ ቶናና በረካ አያውቅም፤ አንድ ካፕሱል ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው። ጎረቤት ቢጠራ እንኳ የሚያቆይ ነገር የለም። ከዚህ ጋር በተያያዘ የሚጣለው እሽግ ክምር በሚጠጣበት አገርም ጥያቄ አስነስቷል። የጀርመኗ ሐምቡርግ ከተማ አስተዳደር በ2016 በመንግሥት ገንዘብ የካፕሱል ቡና እንዳይገዛ ወስኗል። የኪዩሪግን ካፕሱል ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ጆን ሲልቫንም በ2015 በመሥራቱ አንዳንድ ጊዜ እንደሚጸጸት፣ እቤቱም ማሽኑ እንደሌለው ለጋዜጠኛ ተናግሯል። ምክንያቱ ደግሞ ተራ ነው፦ ቡና ማፍላት ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም የሚል።

አሁን ወደ አምራቹ ሒሳብ እንመለስ። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ቡና አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል። ጥሬው ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። በአንድ ካፕሱል አምስት ግራም ገደማ ስለሚገባ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ወደ 160 ካፕሱል ይሆናል ማለት ነው። መቁላቱ፣ መፍጨቱ፣ ማሸጉና ስም ማውጣቱ ሁሉ የሚካሄደው ባሕር ማዶ ነው፤ የ160ው ካፕሱል ዋጋ ትልቁ ክፍልም እዚያው ይቀራል። ቆልቶ የሚጠጣ ቤተሰብ ግን ከአርሶ አደሩ የሚገዛው አርሶ አደሩ ያመረተውን ያንኑ ጥሬ ፍሬ ነው፤ ቀሪውን እሴት የምትጨምረው የቤቱ እመቤት ናት። ከአገሪቱ የቡና ምርት ግማሽ ያህሉ በአገር ውስጥ የሚጠጣ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ደንበኛ ትንሽ አይደለም።

በአምስት ግራም ውስጥ ያለው 40 ገደማ ፍሬ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሻገተ ወይም ከመጠን በላይ የፈላ ከሆነ ያ ስኒ ተበላሸ፤ ጠጪው ሊለቅመው አይችልም፣ ምክንያቱም ፍሬውን አያየውም። በቤት ግን ቡና ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሰፌድ ላይ ይለቀማል፤ ጥቁሩ፣ የተበላው፣ ጠጠሩ ይወጣል። ካፕሱል ይህን የለቀማ ሥራ አላስቀረውም። ከጠጪው ሰፌድ አንስቶ ወደ ዩኒየን መጋዘን፣ ወደ ለቃሚ ሴቶች እጅና ከዚያም በፊት ወደ አርሶ አደሩ የማድረቂያ አልጋ አዛወረው እንጂ። ለካፕሱል የሚገዛ ደንበኛ አረንጓዴና ቀይ ተቀላቅሎ የተለቀመ እሸትን የማይታገሠው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁለቱን አቅርቦ ማወዳደር ሲፈለግ አንድ ሚዛን የሚያዛባ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ በነበሩት ሕጎች ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ የተከለከለ ነበር። ወደ ካፕሱል የሄደው ምርጡ ሲሆን የከተማው ጀበና የፈላው ከምርመራ በተመለሰው ነው። የከተማው ቡና ያም ሆኖ የሚጣፍጠው በለቀማውና በምጣዱ ሙያ ነው፤ ሳይለቀምና ተቆልቶ ሰንብቶ ቢፈላ ጉድለቱ ወዲያው በታወቀ ነበር። ፉክክሩ እኩል ሊሆን የሚችለው ያንኑ ቀይ እሸት በእጁ በያዘው በአርሶ አደሩ ቤት ብቻ ነው። በአብዛኛው ቤት ግን ቀዩ ለማኅበሩ ተሽጦ፣ በጀበናው የሚገባው ከለቀማ በኋላ ከዛፉ ሥር የተሰበሰበው ቃርሚያ ነው።