ከጭቃ መውጫ እስከ መታጠፊያ፦ የአራት ጎማ ጉልበት ታሪክ ከዱከም ሜዳ

ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው የአድአ ሜዳ በጤፉ የታወቀ ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለጠፋል፣ የያዘውን ጎማ አይለቅም። በሌሎቹ የአዲስ አበባ መውጫዎችም ክረምት ለመኪና ቀላል አልነበረም። ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ የእንጦጦን ዳገት አልፎ ወደ ሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ ይወርዳል፤ የአምቦው በቡራዩ፣ የጅማው በሰበታ በኩል ይወጣል። በአራቱም ጎማ የሚነዳው መኪና፣ በሹፌሮች አጠራር «ፎር ዊል»፣ በኢትዮጵያ የተወደደው በእነዚህ መንገዶች ምክንያት ነው። ሌላው ዓለም ያንኑ መሣሪያ ፈጣን መኪና ኩርባ ላይ እንዳይስት ሲያውለው፣ እዚህ ለረጅም ዘመን ከጭቃ መውጫ ሆኖ ቆየ።

የነገሩ ሥር ዲፈረንሻል ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ በፍጥነት መዞር አለበት። ሁለቱ በአንድ ብረት ተያይዘው ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ጎማ መንሸራተቱ አይቀርም ነበር። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር በ1827 እ.ኤ.አ. ለእንፋሎት ሠረገላ ያሰበው ይህ የጥርስ አሠራር ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ እኩል ጉልበት እንዲያገኙ አደረገ። ችግሩም እዚያው እኩልነት ውስጥ ነበር። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ለመዞር የሚያስፈልገው ጉልበት በጣም ትንሽ ይሆናል፤ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ጓደኛውም ከዚያ የበለጠ አያገኝም። የክረምት መንገድ ያየ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል፦ አንዱ ጎማ ጭቃ እየረጨ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል፣ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ሥር ይከታል፣ ተሳፋሪው ከኋላ ይገፋል።

አፄ ምኒልክ መኪና የተቀበሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን መኪናዎች በጠቅላላው ማለት ይቻላል በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፉ ነበሩ። የሆላንዱ ስፓይከር ድርጅት ጉልበቱን ለአራቱም ጎማ የሚያደርስ የእሽቅድምድም መኪና በ1903 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳይቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ አሠራሩ ውድና ከባድ ስለነበር ለአርባ ዓመት ያህል ከጦር ሠራዊትና ከከባድ መኪና ብዙም አልወጣም። በሰፊው ያስፋፋው ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የአሜሪካው ጂፕ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ላንድሮቨር ተከተለ፤ የቶዮታው ላንድክሩዘር ደግሞ በ1950ዎቹ ስሙን አግኝቶ በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣው ባለ 40 ተከታታይ ሞዴሉ በመላው አፍሪካ ተሰራጨ።

በኢትዮጵያ መንገድ በተቋም ደረጃ መሠራት የጀመረው ከዚሁ ጋር በተቀራረበ ጊዜ ነው። የዓለም ባንክ በ1950 እ.ኤ.አ. ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች እየተስተካከሉ ሄዱ፤ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ያለው ገጠር ግን በጠጠርና በአፈር መንገድ ቀረ። ቶዮታን የሚያስመጣው ሞኤንኮ በ1959 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የጤና ቡድኖችና የእርዳታ ድርጅቶች ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ይዘው አገሩን ዞሩ። በደርግ ዘመን የሶቭየቱ ዋዝ ተጨመረ፤ ከባዱ ኡራልም በስድስቱ ጎማ እየተጎተተ ወታደርና እህል አመላለሰ።

የእነዚህ መኪናዎች አሠራር ሹፌሩን ራሱን አዋቂ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ብዙዎቹ በደረቅ መንገድ በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳሉ። ጭቃ ሲመጣ ሹፌሩ ወይም ረዳቱ ወርዶ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጁ ያዞራል፣ ከዚያም በተጨማሪው ማርሽ የፊቱን ያገናኛል። የፊትና የኋላ አክስል በዚህ ጊዜ ያለ ዲፈረንሻል በቀጥታ ይያያዛሉ። ለጭቃ መልካም ነው፤ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስተካክለዋል። አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ ረስቶ የሄደ ሹፌር ካምቢዮውን ይሰብራል። መቼ ማስገባትና መቼ ማውጣት እንደሚገባ ማወቅ የጥሩ ሹፌር መለኪያ ነበር። ይህ እውቀት በመጽሐፍ ሳይሰፍር ከሹፌር ወደ ረዳት፣ ከመካኒክ ወደ ተለማማጅ የተላለፈ ከባድ ሙያ ነው፤ ከሚገባው ክብር ያነሰ ነው ያገኘው።

በአውሮፓ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ፦ አራት ጎማ የሚነዳ መኪና አስፋልት ላይ፣ በፍጥነት፣ ሳይቆራረጥ ሊሄድ አይችልም ወይ? በትራክተሩ የሚታወቀው የሃሪ ፈርጉሰን የምርምር ቡድን በፊትና በኋላ አክስል መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል አስገባና መንሸራተቱን የሚገታ መሣሪያ ጨመረበት። ፈርጉሰን ፒ99 የተባለው የእሽቅድምድም መኪናው በ1961 እ.ኤ.አ. በስተርሊንግ ሞስ ነጂነት በእንግሊዝ ኦልተን ፓርክ አሸነፈ፤ በአራት ጎማ ተነድቶ የፎርሙላ ዋን ውድድር ያሸነፈ ብቸኛ መኪና እሱ ነው። ያው አሠራር በ1966 እ.ኤ.አ. በጄንሰን ኤፍኤፍ የመንገድ መኪና ላይ ገባ። በአምስት ዓመት የተሠራው 320 ብቻ ነበር። በዚህ ታሪክ የጀርመኑ ኦዲ ብቻ መወደሱ ፍትሕ ይጎድለዋል፤ ሐሳቡን ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ በመንገድ ላይ ያሳየው ጄንሰን ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ሬንጅሮቨር፣ በ1977 የሶቭየቱ ላዳ ኒቫ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄዱ ሆነው ወጡ።

ያም ሆኖ ነገሩን ወደ ፈጣን መኪና ያሻገረው ኦዲ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ክረምት የኦዲ መሐንዲሶች በፊንላንድ በረዶ ላይ ሲሞክሩ፣ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ኢልቲስ የተባለ የጦር ሠራዊት መኪና እጅግ የሚበልጡትን መኪናዎች ጥሎ ሄደ። መሐንዲሱ ዮርግ ቤንሲንገር የአራት ጎማውን አሠራር ለተራ መኪና እናድርገው አለ። በመጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የቀረበው የኦዲ ኳትሮ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በቀጣዩ ዓመት ሚሼል ሙቶን በዚሁ መኪና የሳንሬሞን ራሊ ስታሸንፍ የዓለም ራሊ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ለምሥራቅ አፍሪካ ቅርቡ ማስረጃ የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ውድድር እንደ ዱከም ሜዳ ያለ ጥቁር አፈርንም ያቋርጣል። የሚያስገርመው፣ በአራት ጎማ የሚነዱ መኪናዎች በሌላው ዓለም ሲነግሡ በኬንያ ከ1984 እስከ 1986 ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ቶዮታ ሴሊካ ነበር። በሺህ ኪሎ ሜትር ድንጋይና አቧራ ላይ የማይሰበር መኪና ብልሃት ካለው መኪና ይበልጥ ነበር። ሐኑ ሚኮላ በኦዲ 200 ኳትሮ ያሸነፈው በ1987 ነው፤ ከዚያ በኋላ ላንቻ፣ ቶዮታ፣ ሚትሱቢሺና ሱባሩ መንገዱን ያዙት።

ኳትሮ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሞተሩ ከፊት አክስል ቀድሞ የተቀመጠ ስለሆነ ኩርባ ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋ ነበር። አራቱም ጎማ ጉልበት ማግኘቱ ለመታጠፍ በቂ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። ኒሳን በ1989 እ.ኤ.አ. በስካይላይን ጂቲአር የፊት ጎማዎቹ ሲያስፈልግ ብቻ ጉልበት እንዲያገኙ በኮምፒውተር የሚጨበጥና የሚለቀቅ ፍሪሲዮን አስገባ። ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ሚትሱቢሺ በላንሰር ኢቮሉሽን 4 ሞዴሉ የኋላ ዲፈረንሻል ላይ ፍጥነት የሚጨምሩ ጥርሶችና ሁለት ፍሪሲዮኖች ጨመረ፤ ሆንዳም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ አሠራር በፕሪሉድ የፊት ጎማዎች ላይ አዋለ። ኮምፒውተሩ የመሪውን አዟዟርና የመኪናውን ፍጥነት አይቶ ከውስጠኛው ጎማ ጉልበት ወስዶ ለውጨኛው ይሰጣል። የውጨኛው ጎማ ጠንክሮ ሲገፋ መኪናው በራሱ ወደ ኩርባው ይዞራል። ቶርክ ቬክተሪንግ የሚባለው ይህ ነው። ከፔከር ጀምሮ ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲያገኙ ሲደከም ኖሮ፣ አሁን ሆን ተብሎ እኩል እንዳያገኙ ተደረገ። ሆንዳ በ2004 በሌጀንድ መኪናው ለኋላ አክስል የደረሰውን ጉልበት በሙሉ ለአንድ ጎማ እስከ መስጠት ሄደ። ርካሹ ዘዴ በውስጠኛው ጎማ ላይ ፍሬን በቀስታ መያዝ ነው፤ ዛሬ በብዙ ተራ መኪኖች ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ጉልበትን ከማሸጋገር ይልቅ ስለሚያባክን ግን ከመጀመሪያው ጋር አይስተካከልም።

በዱከም በኩል መንገዱ ከመኪናው ቀድሞ ተለወጠ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን በከተማዋ ተከፈተ፤ የቻይናው ሊፋን መኪናዎቹን ከገጣጠመባቸው ቦታዎች አንዱም ሆነ። ከሊፋን ሞዴሎች ኤክስ 60 ከፍ ብሎ ፎር ዊል ቢመስልም የሚጎተተው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ነበር። ገዢው ከፍታውንና መልኩን ይፈልግ ነበር፤ ጭቃው ከዋናው መንገድ ስለራቀ የአራት ጎማ ጉልበት አልጎደለውም። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ተመረቀ። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባለ ስድስት መሥመር መንገድ የዱከምን ጥቁር አፈር ከፍ ብሎ በተደለደለ መሬት ላይ አልፎ ይሄዳል። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ በሕጋዊ መንገድ የሚነዳበት የመጀመሪያው መንገድ ሲገኝ፣ የመኪና አያያዝ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሹፌርም የየዕለት ጥያቄ ሆነ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በቦታቸው የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና አብሮት ያመጣው ለውጥ ከነዳጅ ቁጠባ ይሰፋል። ፎልክስዋገን አይዲ 4 በአብዛኛው በኋላ ባለ አንድ ሞተር ይሄዳል፤ በሁለት ሞተር የሚሄድም አለው። ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ መጀመሪያ ሲወጣ በአራት ጎማ የሚሄደው ዓይነቱ ፊትና ኋላ እያንዳንዱ 80 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር ነበረው፤ በመካከላቸው ካርዳን የለም፣ ሦስተኛ ዲፈረንሻልም የለም። ክፍፍሉን የሚወስነው ፕሮግራም ነው፤ ውሳኔውም በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው መርሴዲስ ጂ 580 ለእያንዳንዱ ጎማ የየራሱን ሞተር ሰጥቶ የግራና የቀኝ ጎማዎችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማዞር መኪናው ባለበት ክብ እንዲሠራ ያደርጋል።

ጋራዦች የሚገጥማቸው አዲሱ ሥራ ከዚሁ ይከተላል። ዲፈረንሻል ፈትቶ ጥርሱን በዓይን አይቶ የሚፈርደው መካኒክ አሁን የሚመለከተው የኮምፒውተር ስህተት ቁጥርና የጎማ ፍጥነት መለኪያን ነው። ቀላል የሚመስለው ነገር ሳይቀር ተቀይሯል፦ ሁለት ጎማ ብቻ ቀይሮ ያረጁትን መተው በኋላ ጎማ ለሚነዳ አሮጌ መኪና ብዙ ጉዳት አልነበረውም። በአራቱም ጎማ ሁልጊዜ ለሚሄድ ሜካኒካዊ መኪና ግን ያረጀው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ መካከለኛው ፍሪሲዮን ወይም ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። በሁለት ሞተር የሚሄደው የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ቢድንም፣ ኮምፒውተሩ የጎማዎቹን የፍጥነት ልዩነት እንደ መንሸራተት ሊቆጥረውና ጉልበቱን ያለ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ አራቱም ጎማ በመጠንም በዕድሜም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው።