ምርቃቱ የት ሄደ? (የድንች ጥብስ ታሪክ ከመካነ ሰላም እስከ ለንደን)

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን ለንደን የምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ወረቀት ላይ የተጋደመ ትልቅ ጥብስ አሳ፣ አጠገቡ የተከመረ ድንች። እንግሊዞች «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» የሚሉት ነው። ከፎቶው ስር እንዲህ ብላለች፦ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ 10 ፓውንድ ገባ! የድሀ ምግብ ነው ብለው ነበር የነገሩኝ። ለመሆኑ የእትዬ ድንች አሁን ስንት ሆነ?»

መካነ ሰላም የተማራችሁ እትዬ ድንችን ታውቋታላችሁ። ስሟ ይሄ አይደለም፣ ስሙን ያወጣችሁላት እናንተ ናችሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከሰሏን አቀጣጥላ፣ መጥበሻዋን ጥዳ፣ ድንቹን ጠብሳ ሚጥሚጣ ነስንሳ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ የምትሸጠው ሴት። እኔ ራሴ አንድ ቀን የገዛሁትን በልቼ ጥቅልሉን ስዘረጋው ያስተማርኩትን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አገኘሁት። ዘይት ጠጥቶ እንደ መስተዋት አሳልፎ ያሳያል። ተማሪው በፈተና ላይ ቢመልሰውም ባይመልሰውም፣ አንቀጹ ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቅሟል አልኩ።

ለተማሪዬ «20 ብር» ብዬ ልመልስላት ስል ቆም አልኩ። ምክንያቱም መልሱ እውነት አይሆንም። ዋጋው 20 ብር ነው፤ የ20 ብሩ ጥቅልል ግን እሷ የምታውቀው ጥቅልል አይደለም። ቀጥኗል። በዚያ ላይ ምርቃቱ የለም። ከፍለን ስንጨርስ እትዬ ድንች በጭልፋዋ ጫፍ ጣል የምታደርግልን ያቺ ጭማሪ ጠፍታለች። ስለዚህ መልሴ የታሪክ ትምህርት ሆነ። እናንተም ስሙት።

ከነሱ ልጀምር። አሳን ሊጥ አልብሶ በዘይት መጥበስን ወደ እንግሊዝ ያስገቡት ከስፔንና ከፖርቹጋል ተሰደው የመጡ አይሁዶች ናቸው ይባላል። ድንቹ ደግሞ መነሻው ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ነው። ሁለቱን አጣምሮ መጀመሪያ የሸጠው ማን ነው በሚለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለንደኖቹ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ሱቅ የከፈተው ጆሴፍ ማሊን የሚባል አይሁዳዊ ስደተኛ ነው ሲሉ፣ የሰሜኖቹ ደግሞ በ1863 ገደማ ሞስሊ በምትባል ከተማ ይሸጥ የነበረው ጆን ሊስ ነው ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ምግብ የሚባለው ነገር ግማሹ በስደተኛ፣ ግማሹ በመርከብ የገባ መሆኑ።

ርካሽ ያደረገው ደግሞ ባቡር ነው። ከሰሜን ባሕር የተጠመደ አሳ በበረዶ ታሽጎ በአንድ ሌሊት የፋብሪካ ከተሞች ይደርስ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲፈትል የዋለ ሠራተኛ በጥቂት ሳንቲም ትኩስ ራት አገኘ። በ1910 እዚያ አገር ከ25,000 በላይ መሸጫ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋው፣ ቅቤው፣ ስኳሩ ሁሉ በራሽን ሲታደል፣ መንግሥት አሳና ድንቹን ራሽን ውስጥ አላስገባም። ሕዝቡ ይሄንን ቢነጠቅ ወኔው ይወድቃል ብሎ ስለፈራ ነው። ያኔ የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነበር። በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ከሊጡ እየተፈረፈረ ዘይቱ ውስጥ የሚቀረውን ቅንጥብጣቢ ለጠየቀ በነፃ ይጨምሩለታል። አያችሁ? እነሱም ምርቃት አላቸው።

ወደኛ ልምጣ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ነው። ያመጣው ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ትግራይ ውስጥ ረጅም ዘመን ኖሮ በ1878 እዚያው አድዋ አረፈ። ልብ በሉ፣ ለንደን ላይ ማሊን ሱቁን ከፈተ በሚባልበት ሰሞን ነው ድንች የኛን አፈር የቀመሰው። የእንግሊዙ ጥብስና የኛ ድንች እኩያሞች ናቸው ማለት ነው።

የኛ ገበሬ ግን ቶሎ አልተቀበለውም። ጤፍና ገብስ እያለ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ እብጥ ማን ይበላል? ነገሩ የተለወጠው በክፉ ቀን ነው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት። የከብት እልቂቱ በሬውን ጨርሶ ማረሻው ሲቆም፣ አንበጣና ተምች ከላይ የበቀለውን ሲበላ፣ ሰው ከአፈር ስር ወዳለው ምግብ ዞረ። ድንች በሦስት አራት ወር ይደርሳል። ጎተራው ባዶ ሆኖ ገብሱ ገና ባልደረሰበት ጊዜ ሰውን ያሻግራል። ወሎ ላይ ስለ ምግብ ሲወራ 66 እና 77 ሳይነሱ አያልፉምና፣ ደገኛው ድንችን ለምን እንደሚያከብረው አታጡትም። ዛሬ ከጉጉፍቱ እስከ አቀስታ፣ ከአቀስታ እስከኛ ድረስ ያለው ብርዳም ደጋ የድንች አገር ነው። እነ በለጠ፣ እነ ጉደኔ፣ እነ ጓሳ የሚባሉት ዝርያዎች ከሆለታና ከአዴት የምርምር ማዕከላት የወጡ ናቸው።

«አሳውስ?» ትሉኛላችሁ። አባይ እኮ እግራችን ስር ነው የሚፈሰው! ግን እኛ ደገኞች ከአሳ ጋር እምብዛም አንተዋወቅም። ሐይቅ ላይ የሚጠበሰው ቆረሶ ራሱ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥም አልገባም፤ ከቄሶቹ ጋር አታጣሉኝ። ድንች ግን ማንንም አያጣላም። ወሎ ላይ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያን የእስላም እየተባለ መሶቡ ይለያል። የድንች ጥቅልል ግን አንድ ነው። መሐመድና ገብረ ማርያም ከአንድ የደብተር ወረቀት ላይ እየተሻሙ ሲበሉ ስንት ዓመት አየሁ! ረቡዕና ዓርብ ብትሉ፣ ዐቢይ ጾም ብትሉ፣ ለአፍጥር ብትሉ፣ ድንች ሁሌም አለ።

አሁን ወደ ዋጋው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማስተማር ስጀምር በር ላይ የሚሸጠው ቅቅል ድንች ነበር፤ በስሙኒ፣ ከዳጣ ጋር። ጥብሱ የመጣው በኋላ ነው፣ ዘይት በጀሪካን መግባት ሲጀምር። ድሮ ዘይት ማለት የኑግ ዘይት ነበር። ኑግ የኛው የኢትዮጵያ ተክል ነው፤ እዚሁ ተዘርቶ፣ እዚሁ ተጨምቆ፣ ውድ ስለነበር በማንኪያ እየተለካ ወጥ ውስጥ የሚገባ። በኑግ ዘይት መጥበሻ ሞልቶ ድንች የሚጠብስ ሰው አላየሁም። ያን ያስቻለው «የሚረጋው ዘይት» ነው፤ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የፓልም ዘይት። በኛ ብርድ ሌሊቱን ረግቶ ያድርና ጠዋት ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ካልዋለ አይቀዳም። እትዬ ድንች ሥራዋን የምትጀምረው ጀሪካን ፀሐይ በማስሞቅ ነው።

እንግዲህ የእትዬ ድንች መጥበሻና የዓለም ገበያ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦርነት ከፈተች። ሁለቱ አገሮች በዓለም ገበያ ላይ ከሚሸጠው የሱፍ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሸጡ ናቸው። የሱፍ ዘይት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ፓልም ሮጠ። ሚያዝያ 20 ቀን ደግሞ ኢንዶኔዥያ «መጀመሪያ ለራሴ ሕዝብ» ብላ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለሦስት ሳምንት ያህል ከለከለች። በዚያ ዓመት አምስት ሊትር ዘይት 1,000 ብር ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። ዘይቱ የሚገዛው በዶላር ነውና የቀረውን ታውቁታላችሁ። በዚህ ላይ የማዳበሪያው ዋጋ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ሲከፈት ሲዘጋ የኖረው መንገድ፣ የአይሱዙው ጭነት፣ ከሰሉ አለ።

የለንደኑስ? ያው ነው! የሚጠበስበት ዘይት እዚያም ብዙውን ጊዜ ሱፍ ወይም ፓልም ነው። ከሩሲያ መርከቦች የሚመጣው አሳ ተወደደ። የመብራቱና የጋዙ ሂሳብ ናረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስት ፓውንድ ተኩል የነበረው ምግብ በ2024 ወደ 10 ፓውንድ ተጠጋ። ተማሪዬ ከፍላ የደነገጠችውና እኔ ከፍዬ የደነገጥኩት በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ዘይት ነው። ልዩነቱ እዚያ ዋጋው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ እኛ ጋ ጥቅልሉ ይቀጥናል።

ይሄን ሁሉ አስቤ ሳበቃ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ ወጣሁና 20 ብሬን ሰጠሁ። እትዬ ድንች ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንደ ልማዴ ቆሜ ጠበቅሁ። ዝም አለች።

«ምርቃት የለም እንዴ እህቴ?» አልኩ፣ በቀልድ።

ሳቅ ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ዋጋ ብጨምር ልጆቹ ይቀራሉ፣ ባልጨምር እኔ እቀራለሁ። ምን ላድርግ? ምርቃቷን ያዝኳት» አለችኝ።

እኔም የተማረ ሰው ነኝና ስለ ዩክሬን፣ ስለ ኢንዶኔዥያ ላስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰማችኝ። እየሰማችኝ እጇ ሥራ አልፈታም። ያኔ ነው ያየሁት። አንድ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ የወሸቀ፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር የሚመስል ልጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። አይገዛም፣ አይሄድም። ከመጥበሻው ዳር ለብቻ የተገፋች ድንች ነበረች። እሷን አነሳች፣ ጠቀለለች፣ ምንም ሳትል ሰጠችው። ልጁም ምንም ሳይል ተቀብሎ ሄደ። የለመዱት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«እና ይሄስ?» አልኳት።

«የናንተ ምርቃት ነዋ» አለችኝ። «ከየጥቅልሉ ሁለት ሦስት ፍሬ እቀንሳለሁ። ሲጠራቀም ለሁለት ለሦስት ልጅ ይሆናል። ቁርስ ያልበላ ልጅ ዓይኑ ያስታውቃል ጋሼ። አብሽሩ፣ የእርስዎም አልጠፋም።»

ወዳጆቼ፣ 30 ዓመት ገደማ ታሪክ አስተማርኩ። የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነት ጊዜ የድሀውን ምግብ ራሽን ውስጥ አላስገባም ብዬ አደንቅ ነበር። እትዬ ድንች ደግሞ ሚኒስቴርም ካርድም ሳይኖራት፣ በጭልፋዋ ጫፍ ራሽን ስታድል አጠገቧ ቆሜ ምርቃት ጎደለብኝ ብዬ አጉረመረምኩ። ያፈርኩት በዚህ ነው፤ ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ሰው ይሄን ምግብ በርካሽነቱ ብቻ አይወደውም። ርካሽ ባይሆንም ይገዛዋል፤ ለንደንም መካነ ሰላምም ያየነው ይሄንን ነው። በገዛ ሳንቲማችን መጀመሪያ የገዛነው ትኩስ ነገር ነው። በብርድ እጃችንን ያሞቀን ጥቅልል ነው። ከጓደኛ ጋር የተሻማነው ነው። ግን ከዚያ በላይ፣ ከመጥበሻው ጀርባ የቆመ የሚያውቀን ሰው አለ። ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ የምታውቅ ሴት። ዘይቱ ከየትም ይምጣ፣ ያ ሰው ከሄደ ድንቹ ድንች ብቻ ነው የሚሆነው።

ለተማሪዬ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ «20 ብር ነው። ስትመጪ ምርቃት አትጠይቂ። ከቻልሽ የሁለት ሰው ክፈዪና የአንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ቀሪውን እሷ ታውቅበታለች።»

ለሁላችሁም የምለው ይሄንኑ ነው። መካነ ሰላም ባትሆኑም ግድ የለም። አዲስ አበባ እርጥብ የምትሸጠው፣ ደሴ ሳምቡሳ የምትጠብሰው፣ ባሕር ዳር አሳ የምትገለብጠው አለች። ጥቅልሉ ቀጥኖ ስታዩት ቶሎ አታኩርፉ። ምናልባት የጎደለው የት እንደሄደ አታውቁም።

እስቲ እናንተም የትምህርት ቤታችሁን በር ትዝታ ጻፉልኝ። ምን ነበር የምትበሉት? በስንት? ማን ነበር የሚመርቅላችሁ?

ሰላም ዋሉልኝ።