ድንኳን ወይስ ሎጅ? ባሌ ላይ ማን የት አደረ?

ባሌ እንሂድ ስንባባል የተጣላነው በገንዘብ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ሮቤ ድረስ ያለውን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በምን እንሂድ በሚለውም አልነበረም። የተጣላነው “የት እንደር?” ላይ ነው። ግማሾቻችን “ሎጅ!” አልን፤ ሙቅ ውሃ፣ የሚነድ ምድጃ፣ ጠዋት መስኮት ሲከፈት ደጅ ላይ የቆመ የደጋ አጋዘን። ግማሾቻችን ደግሞ “ድንኳን!” አልን፤ ሳነቴ ላይ፣ ከዋክብት ሥር፣ ጥርስ እያንገጫገጨን። ክርክሩ አቦል ላይ ተጀምሮ በረካ ላይም አላለቀም።

ክርክር ሲያይልብን ልማዳችን ወደ ታሪክ መሸሽ ነው። ለመሆኑ ከኛ በፊት ባሌ ላይ የወጣ ሰው የት ነበር የሚያድረው? (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው፤ እንዳትምታቱብን።)

መልሱ ከጠበቅነው በላይ ሩቅ ወሰደን።

በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፊንጫ ሀበራ ስለሚባል የባሌ ዋሻ ይተርካል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,470 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ አድረውበታል። ያን ጊዜ የባሌ ጫፎች በበረዶ ግግር የተሸፈኑ ነበሩ። እንግዶቹ ታዲያ ምን በሉ? የባሌን ግዙፍ ፍልፈል፣ ያውም ጠብሰው! ይህ ፍልፈል ዛሬም ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም አይገኝም፤ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብም እሱ ነው። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት የሚያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነበር። እንግዲህ በዓለም ላይ እስካሁን ከታወቁት የከፍተኛ ተራራ ማደሪያዎች ሁሉ ጥንታዊው የኛው ባሌ ውስጥ ነው። “ሎጅ!” ያልነው ወገኖች ዋሻ ጣራና ግድግዳ ስላለው ነጥቡን ለራሳችን ቆጠርን። “ድንኳን!” ያልነውም ሰዎቹ መጥተው ይሄዱ እንጂ አልሠፈሩም ብለን ተከራከርን። አንድ ለአንድ።

ከዋሻው ሰዎች ብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የመጣው የኦሮሞ አርብቶ አደርም ለተራራው የራሱን ሥርዓት አበጅቶለት ነበር። ጎዳንቱ ይባላል። ከብቱን በየወቅቱ ወደ ደጋው ያወጣል፤ ከብቶቹ ግጦሹን ይግጣሉ፣ ከሆራው ይጠጣሉ፤ እረኛው ለወቅቱ በምትሆን ትንሽ ጎጆ ያድራል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይወርዳል። ሣሩም የሚያገግመው እሱ ሲወርድ ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጎጆዋ ከምን ተሠራች አይደለም። ሰውየው መቼ ይነሣል ነው።

እዚህ ላይ የድንኳን ደጋፊዎች ደረታችንን ነፋን። “ተመልከቱ፣ ተንቀሳቃሽ ሰው መሬት አይጎዳም!” አልን። ግን የገዛ ታሪካችን አፋችንን አስያዘን።

ምክንያቱም እንደኛ አገር በድንኳን የተዳደረ መንግሥት ጥቂት ነው። ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። በ1520ዎቹ በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የከረመው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በሺህ የሚቆጠሩ ድንኳኖች አይቶ ጽፏል። “ከተማ” የምንለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ወይም የጦር ማረፊያ ማለት ነበር። “ሰፈር”ም እንደዚያው፤ የሠፈረ ጦር ያረፈበት ነው። ያ ሁሉ ድንኳን ታዲያ ዱካ ሳይተው ነበር እንዴ የሚያልፈው? የለም! ያረፈበትን አገር እህል ይበላል፣ ዛፉን ያነዳል፤ እንጨቱና እህሉ ሲመናመን ይነሣና ሌላውን አገር ይበላል። አዲስ አበባም ከ1886 ወዲህ ስትቆረቆር በዚሁ ዕጣ ላይ ነበረች። እንጨት ጠፋና ምኒልክ በ1900 ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ካለችበት እንዳትነቀል ያደረጋት ባሕር ዛፍ ነው።

ስለዚህ ድንኳን በራሱ ጻድቅ አይደለም። የሚያነደውን ይዞ ካልመጣ፣ ድንኳን ማለት እግር ያለው ምድጃ ነው።

ባሌም ይህን “ከተማ” ቀምሳዋለች። ጎባ የምኒልክ ጦር የሠፈረባት፣ በኋላም የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የሆነች ቦታ ናት። ለዘመቻ የተተከለው ድንኳን ወደ ቤት ተለወጠ፤ ቤቱ መሬት ጠየቀ፤ መሬቱም ባለቤት ነበረው። በ1963 የተቀጣጠለውና ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የሆነበት የባሌ ገበሬዎች አመፅ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው የመሬትና የግብር ነገር ነው። አመፁ የበረደው በ1970 ነው።

አሁን ወደ ሳፋሪ እንምጣ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ ጉዞ ማለት ነው፣ ሥሩም ዐረብኛ። በ1909 የአሜሪካው ቴዎዶር ሩዝቬልት ምሥራቅ አፍሪካ ገብቶ ለአደን ሲዘምት ከ200 በላይ ተሸካሚዎች አስከትሎ ነበር፤ ድንኳን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍቱ ሳይቀሩ በሰው ጀርባ ተጓዙ። በዚያው ሰሞን፣ በ1908፣ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በኛ ደቡብ ምሥራቅ ደጋ አንድ የማያውቀውን አጋዘን ገደለ። ሳይንስ በ1910 ስም ሰጠው። የደጋ አጋዘን ማለት እሱ ነው። በአፍሪካ ለሳይንስ መጨረሻ ላይ ከታወቁት ትላልቅ እንስሳት አንዱ ነው። ባላገሩማ ከጥንትም ያውቀው ነበር፤ መዝገብ አልነበረውም እንጂ።

ከፍ ብሎ የተሠራ ሎጅ የሚባለውን ነገር ዝነኛ ያደረገችው ደግሞ ኬንያ ናት። በ1932 በአበርዴር ደን፣ ኒየሪ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ላይ ማደሪያ ተሠራ፤ ትሪቶፕስ አሉት። እንግዳው ከላይ ሆኖ ከታች ውሃ ሊጠጡ የሚመጡትን ዝሆኖች ያያል። በየካቲት 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ ባደረችበት ሌሊት አባቷ ሞተው ንግሥት ሆነች። ዓለም ይህን ክፍል ደጋግሞ ያወራል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1954፣ የማው ማው ታጋዮች ትሪቶፕስን ማቃጠላቸውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ከዛፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚታየው ዝሆን ብቻ አልነበረማ! መሬቱን የተነጠቀ ሰውም ነበር፤ እሱም ቀና ብሎ ያይ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ ዲንሾ እንመለስ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1970 ነው። አዎ፣ አመፁ በበረደበት በዚያው ዓመት! ሐሳቡ የመጣው በ1960ዎቹ ተራራውን ካጠኑት እንደ ሌስሊ ብራውን ካሉ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ነው፤ ዓላማቸውም የደጋ አጋዘንንና ቀይ ቀበሮን ማዳን ነበር። ዓላማው መልካም ነው። ግን በባላገሩ ዓይን እስቲ እንየው። ትናንት ስለ መሬት ሲዋጋ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ከብቱ የሚወጣበት ደጋ ወሰን ተሰመረበት ሲባል ምን ይሰማዋል? ወሰኑ በሕግ የጸናው እንኳ በ2014 ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ “የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ክፍት ሆኖ ቆየ።

መልሱን 1991 አሳየን። ደርግ ሲወድቅ፣ የሚጠብቅ መንግሥት ለጥቂት ጊዜ ሲጠፋ፣ የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ፤ የደጋ አጋዘኖቹ ተገደሉ፤ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ትሪቶፕስን ያስታወሰን ይኸው ነው። ጎረቤቱ “የኔ ነው” የማይለው ጣራ የሚቆመው ዘበኛው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሎጅም በራሱ ጻድቅ አይደለም!

ዛሬ ምርጫው ሰፍቷል። በዲንሾ፣ በፓርኩ ዋና ግቢ ውስጥ፣ አጋዘኖቹ ደጃፉ ድረስ የሚመጡበት የእንጨት ሎጅ አለ። በ2010ሮቹ ደግሞ በሐረና ደን ውስጥ ካቻ በሚባለው ገላጣ ቦታ፣ መብራቱን ከትንሽ ወንዝ የሚያመነጭ ዘመናዊ ሎጅ ተከፍቷል። ሮቤና ጎባ ሆቴል አላቸው። ድንኳን ለሚል ደግሞ ከዲንሾ ተነሥቶ በፈረስ ጓዝ ጭኖ፣ በወይብ ሸለቆ አልፎ እስከ ሳነቴ የሚወስድ የቀናት መንገድ አለ። በ2023 ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህ ማለት እንግዳ ይበዛል ማለት ነው፤ እንግዳ ከበዛ “የት እንደር?” የኛ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ለምን መሰላችሁ? በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ያሉት ባሌ ነው። ከሰው እኩል የሚፈሩት ጠላት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1991 እና በ2003 የገባው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል፤ ያመጣውም የቤት ውሻ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለ ትርፍራፊ ደግሞ ውሻ ይጠራል፤ ከሎጅ ኩሽና ይውጣ ከድንኳን ድስት፣ ለውሻው ለውጥ የለውም። ለማታ ሙቀት ተብሎ የሚቆረጠው አስታም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ከፍታና ብርድ ላይ ያደገ ቁጥቋጦ ቶሎ አይተካም፤ የእኛ ሙቀት ግን የአንድ ምሽት ነው።

እንግዲህ በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ሎጅ ከሆነ የምንጠይቀው ስለ ፍራሹ አይደለም። “እዚህ የሚሠሩት የየት ልጆች ናቸው? እንቁላሉና ወተቱ ከማን ይገዛል?” ነው። ድንኳን ከሆነም “ብርዱን እንችላለን ወይ?” አይደለም። “በምን እናበስላለን? ቆሻሻችንን ማን ይዞት ይወርዳል?” ነው። ሁለት ሌሊት ዲንሾ በጣራ ሥር፣ ሁለት ሌሊት ላይ በድንኳን እናድራለን። ፈረሱንና መንገድ መሪውን ከዲንሾ እንይዛለን፤ ማብሰያችን ቡታጋዝ ነው፤ የምድጃ ዙሪያ ጨዋታ ያማራችሁ ዲንሾ ላይ ጨርሱት! የመጨረሻዋን ሌሊት ጎባ እናድራለን፤ ድንኳን ወደ ከተማ የተለወጠባት ናትና።

የቀረን አንድ ጠብ ብቻ ነው፦ ቡታጋዙን ማን ይሸከም? እሱን አቦል ላይ እንጀምረዋለን።