የፈረሱ ቀለብ

በገበያ ቀን ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ መንገድ ዳር ቆማችሁ ጋሪ የሚጎትቱትን ፈረሶች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪው ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም። የጎን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ዳሌው የሾለ፣ ጀርባው የተላጠ ፈረስ የሰው እህል ተሸክሞ ሲውል ይታያል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «እንዲወፍር በቆሎ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ግን እምቢ አለኝ» ይላችኋል። ይህን ቃል ከአንድ ጎረቤቴ ሰምቼ ነው ኪታብ መግለጥ የጀመርኩት።

አገራችን ፈረስን የማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረመኝ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በፈረሳቸው ስም «አባ ጠና» ይባሉ ነበር። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው እንጅባራም፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን ሸልሞ ይወጣል።

የእንስሳን ቀለብና ጠባይ ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትልም ይኸው ምድር አይቷል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጦር ስንቁን የጫነው በግመል ነበር። ቁጥራቸው ወደ 15,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። ግመል የበረሃ እንስሳ ነው። ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ ዳገቱና ብርዱ፣ የለመደውን ቀለብ ማጣቱም ፈጀው። ጣሊያን በየካቲት ወር መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ መንገዱ የግመል ሬሳ መንገድ ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ የደረሱት መቶ እንኳ አይሞሉም።

ከዚህ ወደ መዲና እንለፍ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን በሁለት ክፍል አድርገው ያሽቀዳድሙ እንደነበር ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ይነግሩናል። እርሳቸውም ከተሽቀዳዳሚዎቹ አንዱ ነበሩ። የተዘጋጁት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል ወዳዕ ሮጡ፤ 5 ወይም 6 ማይል ያህል ነው። ያልተዘጋጁት የሮጡት ከዚያው ከሠኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ብቻ ሲሆን፣ ርቀቱ 1 ማይል ያህል ነው። ይህ ዝግጅት «ኢድማር» ይባላል። ዑለሞች እንደሚያስረዱት ፈረሱ መጀመሪያ እስኪወፍርና እስኪጠነክር ድረስ ይቀለባል። ከዚያ ቀለቡ በልኩ ይቀነስና ቤት ገብቶ፣ ልብስ ተደርቦለት፣ እያላበው ሥጋው ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ! መጀመሪያ ሥጋ፣ ቀጥሎ ሥራ። ያልተዘጋጀው ደግሞ አጭሩን ብቻ ሮጠ እንጂ ከአቅሙ በላይ አልተጠየቀም። እኛ ግን የከሳውን ፈረስ ሙሉ ቀን እያስጎተትን በማታ አንድ ቁና በቆሎ እንደፋለታለን፤ ለምን አልወፈረም ብለንም እንቆጣለን።

የፈረስ ሆድ የበሬ ሆድ አይደለም። አያመሰኳም፣ ጨጓራው ትንሽ ነው፣ የበላውን ማስመለስም አይችልም። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ከገባበት ቁርጠት ይይዘዋል፣ ሰኮናውም ይታመማል። ስለዚህ የቀለቡ መሠረት ሣርና ድርቆሽ ነው። 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ከዚህ ቢያንስ ግማሹ ሣር መሆን አለበት። ገብስ ወይም አጃ ተከክቶ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ባይበልጥ፣ ይልቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢከፋፈል ይሻላል። ጥቂት ፉርሽካ ይጨመርበት፤ ጨውና ንጹሕ ውሃም አይጓደል። አዲስ ቀለብ የሚለመደው በአንድ ጀምበር ሳይሆን በ10 ቀን ያህል ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጥርሱ ይታይ፣ የሆድ ትል መድኃኒትም ይሰጠው። አለዚያ ገብሱን የሚበላው ትሉ ነው። በእኛ በበቆሎ አገር ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የሻገተ በቆሎ የፈረስን አንጎል አበላሽቶ ይገድላል። ለሰው አይሆንም ተብሎ የተጣለው ለፈረስ ይሆናል ማለት አይደለም።

«ሣሩስ ከየት ይምጣ? ግጦሹ ታርሶ አልቋል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የግጦሽ ክልል ከልለው ሁነይ የተባለ አገልጋያቸውን ሲሾሙበት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የባለጸጋዎቹን የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን (ረ.ዐ) መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ሀብታሙ ከብቱ ቢያልቅበት ወደ እርሻውና ወደ ቴምሩ ይመለሳል፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ከኸሊፋው ደጅ ይመጣል። የከተማችን ባለጋሪ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። በሐዲስ ፈረስ ለሦስት ዓይነት ሰው ሦስት ነገር እንደሆነ ተነግሯል፤ ለአንዱ አጅር፣ ለአንዱ ሲትር፣ ለአንዱ ወንጀል። ሲትር የሚሆነው ከሰው እጅ ላለመጠበቅ ብሎ ለያዘው፣ በፈረሱ ላይ ያለበትንም የአላህን ሐቅ ላልረሳ ሰው ነው።

ጎረቤቴ በቆሎውን ትቶ ድርቆሽ ገዛ፣ ገብስም ከደገኞች አመጣ። ፈረሱን ከቀትር በኋላ ማሠራትም አቆመ። በሁለተኛው ወር የጎን አጥንቱ መሸፈን ጀመረ። ይሁን እንጂ ግማሽ ቀን መዋሉ ገቢውን ቀንሶበታል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ስንገናኝ አንዳንዴ ይማረርብኛል።