የለቀማው ቀን የማን ነው? የካፋ የጫካ ቡናና የአዝመራው ሥርዓት

በካፋ ዞን ቡና በአንድ ጊዜ አይደርስም። በቆላው በኩል መስከረም ሲጋመስ ፍሬው መቅላት ይጀምራል፤ ጉም በሚያዘወትረው ከፍ ያለ ደን ውስጥ ደግሞ ለቀማው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ያም ሆኖ ከጫካው ቀድሞ በሚወርደው ጆንያ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ተደባልቆ መገኘቱ የቆየ ነገር ነው። የግብርና ባለሙያው ይህን ሲያይ የግንዛቤ ጉድለት ይለዋል፤ ነጋዴው የገበሬ ችኮላ ይለዋል። ሁለቱም ፍርዱን የሚጥሉት በለቃሚው ጠባይ ላይ ነው። የካፋን ያለፉትን መቶ ሃምሳ ዓመታት ላስተዋለ ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የለቀማውን ቀን የሚቆርጠው የፍሬው መቅላት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ለቃሚው በዛፉ ላይ ያለው መብት ይቆርጠዋል። ነገ ተመልሶ ሲመጣ ፍሬውን በቦታው እንደሚያገኘው ያልተማመነ ሰው ዛሬውኑ አረንጓዴውን ያወርደዋል። ስለዚህ የካፋ ቡና ጥራት ታሪክ የችሎታ ታሪክ ከመሆኑ በፊት የይዞታ ታሪክ ነው።

አንድን የቡና ቅርንጫፍ ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አበባው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ይፈነዳል። ዝናቡ በአንድ ቀን ጥሎ ስለማያበቃ አበባውም በየዙሩ ይመጣል። ከስምንትና ከዘጠኝ ወር በኋላ በአንዱ አንጓ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ፍሬ፣ ከጎኑ ቢጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ገና ድንጋይ የመሰለ አረንጓዴ ተደርድረው ይገኛሉ። ደን ውስጥ የበቀለ ቡና ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖና ረዝሞ ስለሚያድግ ለቃሚው ግንዱን ጎትቶ ያጎነብሰዋል፤ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይለቅማል። ቀዩን ብቻ ለማንሣት ወደዚያው ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ አለበት። መመለስ ካልፈለገ ወይም ካልቻለ ቅርንጫፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ በመዳፉ ጠርጎ ሁሉንም በአንዴ ያወርዳል። ያልበሰለው ፍሬ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ቆዳው እንደ በሰለው ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ከዚያ ወዲያ አይበስልም። ሲቆላ ገርጥቶ ይቀራል፣ ሲጠጣም አፍ ይይዛል። በዚህ በኩል ቡናና የወይን ፍሬ አንድ ናቸው፤ የወይን ዘለላም አንዴ ከሐረጉ ከተቆረጠ ወዲያ ጣፋጭነት አይጨምርም። ልዩነቱ ባለቤቱ በቀኑ ላይ ባለው ሥልጣን ነው። ዝዋይ አጠገብ ያለው የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ ታጥሮ የተያዘ ነው፤ አገሩ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለው የአዝመራው ጊዜ የሚወሰነው በመግረዝና በመስኖ ነው፤ ቆራጩም ስኳሩ ተለክቶ ሲታዘዝ ይገባል። በካፋ ደን ጊዜውን ዝናብ ይወስናል፤ ለለቃሚው የሚቀርለት መጠበቅ ወይም አለመጠበቅ ነው።

መጠበቅን የሚቻል ነገር የሚያደርገው ምን እንደሆነ የወይን አገሮች ታሪክ በደንብ ያሳያል። በፈረንሳይ ቡርጎኝ የወይን ማሳዎች ያለ አጥር ጎን ለጎን የተያያዙ፣ ባለቤቶቻቸውም ብዙ ነበሩ። አንዱ ቀድሞ ቢገባ የጎረቤቱን ዘለላ ሊቆርጥ ይችላል፤ ጎረቤቱም ይህን ፈርቶ የራሱን ሳይበስል ይቆርጣል። መፍትሔው ስብከት አልነበረም። የአካባቢው ጌታ ወይም የከተማው ሹማምንት የመቁረጫውን ቀን በአዋጅ ያስነግሩ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ማሳ የገባ ይቀጣል። ጌታው የራሱን ወይን ከሌላው ቀድሞ የመቁረጥ መብት ለራሱ ማቆየቱ እውነት ነው፤ ሥርዓቱ ከአድልዎ የጸዳ አልነበረም። ሆኖም ቀኑ የጋራ በመሆኑ ተመዘገበ። በዚያው በቡርጎኝ፣ በቦን ከተማ፣ የወይን ቆረጣ ቀን ከ1354 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን መዝገብ ተመራማሪዎች አሰባስበው የአየር ንብረትን ለውጥ አንብበውበታል፤ ከ1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዝመራው ከቀደመው ዘመን አማካይ በ13 ቀን ገደማ እንደ ቀደመም አሳይተዋል። እዚያም ቢሆን የበሰለ ፍሬ የተገኘው የወይን ገበሬው ከሌላው ሰው ይልቅ ታጋሽ ስለሆነ አይደለም፤ የታገሠ ሰው እንዳይከስር የሚጠብቀው ሕግ ስለነበረ ነው።

ወደ ካፋ ስንመለስ፣ የቀድሞው መንግሥት በዙሪያው ጉድጓድ ያስቆፈረ፣ በኬላ የሚገባበትና የሚወጣበት አገር ነበር። ታቶ የሚባለው ንጉሥ ሚክሬቾ ከተባሉ ሰባት አማካሪዎች ጋር ይገዛል፤ የመሬቱም የበላይ ባለቤት እርሱ ነው። ቦንጋ ከሩቅ ለሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የገበያ ከተማ ነበረች። ተጓዡ አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ.፣ ካህኑ ጉልየልሞ ማሳያ ደግሞ ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ካፋን አይተዋል። ከአገሪቱ ይወጣ ከነበረው ሸቀጥ ባሪያ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከፍተኛውን ዋጋ ያወጡ ነበር፤ ቡና ከእነርሱ በታች ነው። ይህ ለክርክራችን ትልቅ ቦታ አለው። ከሚያስፈልገው በላይ ፍሬ በሞላበትና ሩቅ ገበያ በማይሻማው ደን ውስጥ ጎረቤትን ለመቅደም የሚያስቸኩል ነገር የለም። ሽሚያ የሚጀምረው ፍሬው ዋጋ ሲያወጣና የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ሲምታታ ነው። በካፋ ሁለቱ ነገሮች የመጡት በተከታታይ ነው።

በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ እየተመራ ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾም ተማርኮ ወደ መሃል አገር ተወሰደ። ጦሩን ተከትሎ ያለፈው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየው የተራቆተ አገር ነበር። በጦርነቱ፣ በረሃቡና በባሪያ ንግዱ ሕዝቡ ሲመናመን ቀድሞ ታርሶ የነበረ መሬት ወደ ደንነት ተመለሰ። ዛሬ «ድንግል» እየተባለ ከሚወደሰው ጫካ ከፊሉ የዚያ ጥፋት ልጅ ነው። መሬቱ ለወታደር፣ ለሹምና ለቤተ ክርስቲያን ሲከፋፈል ነባሩ ገበሬ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። የመሬት ጌታው ድርሻ ሲሶም ሆነ እኩል፣ በጭሰኛው በኩል ያለው ስሌት አንድ ነው፦ የሚካፈለው ክምሩ ነው እንጂ የፍሬው ቅላት አይደለም። ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ መልቀም የእርሱን ጉልበት ይበላል፤ ከጥራቱ የሚገኘው ትርፍ ግን ለጌታውና ለነጋዴው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በመጪው ዓመት በዚያው መሬት ላይ ስለመቆየቱ ዋስትና የለውም። ጥንቃቄ የጎደለው ለቀማ በዚህ ዘመን ከተለመደ፣ መሠረቱ ይህ የተዛባ ድርሻ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስወገደ። ፍትሐዊነቱ አያከራክርም። ለጫካው ቡና ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። የጓሮው ቡና በገበሬው እጅ ሲቀር ደኑ የመንግሥት ሆነ፤ መንግሥት ደግሞ በየዛፉ ሥር ዘበኛ ማቆም አይችልም። በዓመት አንዴ ከለቀማ በፊት ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ ጥላውን አሳስቶ «ይህ የእኔ ነው» ሲል የኖረ ቤተሰብ ድካሙ በሕግ ፊት ዋጋ አጣ። በወረቀት የሁሉም የሆነው በተግባር የቀደመ ሰው ሆነ። በደርግ ዘመን የነበረው የኮታ ግዢና በየመንገዱ የተተከለው ኬላ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሲይዘው ለጥራት የሚከፈል ምንም አልቀረም። በኋላ ገበያው ሲለቀቅና ዋጋ ሲወጣ ሽሚያው ባሰ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቦንጋ ዙሪያ ደን ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች ያለ ጊዜው የሚደረገውን ለቀማ ከዚህ ሽሚያ ጋር ማያያዛቸው ከታሪኩ ጋር ይስማማል።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ የሚገኘው እዚያው ደን ውስጥ፣ ከቡናው በላይ በተሰቀለው ቀፎ ነው። በደቡብ ምዕራቡ ደን ቀፎ የሰቀለ ሰው በዛፉ ላይ ያለው መብት በልማድ የታወቀና የተከበረ ነው። ባለቀፎው የገተማ ዛፍ አበባ አልፎ ነጩ ማር እስኪሞላ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ገመድና ጭስ ይዞ ሲመሽ ይወጣል። ማር ቆራጩና ቡና ለቃሚው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ችሎታውም፣ ችግሩም፣ የገንዘብ ፍላጎቱም ያው ነው። በማሩ የሚታገሠው በቡናው የሚቸኩል ከሆነ ምክንያቱን በጠባዩ ወይም በዕውቀቱ ላይ መፈለግ አይቻልም። ልዩነቱ በማሩ ላይ ባለቤትነቱን ጎረቤቱ ማክበሩ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የጉልበት ነው። ደኑ ሩቅ ነው፣ ዝንጀሮና ጦጣ ፍሬውን ይሻማሉ፣ በዚያው ሰሞን ጤፍና በቆሎም እጅ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ጠርጎ ማውረድ የይዞታ ጉዳይ ሳይሆን የሰው እጥረት ነው ይባላል። ጉልበት ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የጉልበት እጥረት ለቀማውን ያሳንሰዋል ወይም ያዘገየዋል እንጂ ለምን እንደሚያስቀድመው አይገልጽም። እጅ ያጠረው ሰው አንዴ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ብዙው ፍሬ ቀልቶ ሲቆይ መሄድ ይበጀዋል፤ በመስከረም መጨረሻ አረንጓዴው ሲበዛ የሚሄደው ሌላ ሰው ይቀድመኛል ብሎ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የካፈቾ ዘመን መለወጫ ማሽቃሮና መስቀል፣ የልጆች ደብተርና ልብስ በአንድ ሰሞን ይደራረባሉ፤ ነጋዴም ቀድሞ ብር አበድሮ ፍሬውን በዛፉ ላይ ይገዛል። ይህም ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ሆኖም ብድሩን የሚያስወድደው ራሱ የይዞታው አለመረጋገጥ ነው። በደን ውስጥ ያለ ባለቤቱ የማይታወቅ ዛፍ መያዣ አይሆንም፤ ለአበዳሪው ዋስትና የሚሆነው የወረደ ቡና ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የዋጋ ነው። ሰብሳቢው ቀዩንም ቅልቅሉንም በአንድ ዋጋ ጀንፈል አድርጎ የሚገዛ ከሆነ መብት ያለው ገበሬም ለምን ይደክማል? በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ቡናን ወደ ማዕከላዊ ግብይት ሲያስገባ፣ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚሸጠው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ የገበሬው ስም ከጆንያው ጠፋ። በጥንቃቄ የለቀመው ካልለቀመው ጋር በአንድ መጋዘን ተኛ። በቦንጋ የተቋቋመው የካፋ የጫካ ቡና አምራቾች ዩኒየን የራሱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ ዕድል ማግኘቱ ለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሆነው፤ የዋጋ ልዩነት ወደ አባላቱ የሚመለስበትን መንገድ ከፈተ። እንግዲህ ዋጋ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ግን ማሳት አይገባም። ለቀይ ፍሬ የሚከፈል ተጨማሪ ብር ያለ መብት ሲመጣ ሽሚያውን ያባብሰዋል፤ ፍሬው ውድ በሆነ ቁጥር ቀዳሚው ይበዛል። ዋጋ መታገሥን አትራፊ ያደርገዋል፤ መታገሥን የሚቻል የሚያደርገው ግን መብት ነው።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፋርም አፍሪካና በኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል ድጋፍ በቦንጋ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር በዚህ የመብት መንገድ ገፍቶበታል። የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር ወሰኑ ተለይቶ፣ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ፣ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጫካውን ይጠብቃል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ባዮስፌር ሪዘርቭ ሲመዘግብ ለዚህ ዓይነቱ አያያዝ ተጨማሪ ክብደት ሰጠው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መሸሽ አይቻልም፦ ወሰን ሲከለል ማን ውጭ ይቀራል? በካፋ ማኅበረሰብ ውስጥ ለረጅም ዘመን የተገለሉት ማንጆዎች ከማንም ይበልጥ በደን ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የቡርጎኙ ጌታ ለራሱ ቀድሞ እንደቆረጠው ሁሉ፣ ማኅበርም ለነባር ባለመሬቶች ብቻ የሚበጅ አጥር ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ሥርዓትን የሚያፈርስ ሳይሆን አካታች እንዲሆን የሚያስገድድ ክርክር ነው። ከደንቡ ውጭ የተተወ ሰው ደንቡን የሚያከብርበት ምክንያት የለውም፤ አንድ እንኳ ያለ ቀኑ የሚገባ ካለ ሁሉም ይከተለዋል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መደምደሚያ ግልጽ ነው። ማስጫ አልጋ ማደልና ስለ ቀይ ፍሬ ማሠልጠን ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚያስተምረው የሚታወቀውን ነው። የጎደለው፣ በየከፍታው የሚለያይ የለቀማ መክፈቻ ቀን በማኅበሩ ጉባኤ እንዲቆረጥ፣ በቀበሌው እንዲጸና፣ ከዚያ ቀን በፊት የተለቀመ የጫካ ቡና ገዢ እንዲያጣ ማድረግ ነው። ቆላው በመስከረም ይከፈት፣ ደጋው ኅዳርን ይጠብቅ፤ ቀኑም በየዓመቱ ይመዘገብ። ዝናቡ እየተዛባ ባለበት በዚህ ዘመን መዝገቡ ለአየር ንብረት ጥናት የሚሰጠው ጥቅም ተጨማሪ ትርፍ ነው። የመጀመሪያው ትርፍ ግን ለለቃሚው ነው፦ ቀድሞ የመጣው ሲጠቀም በኖረበት ደን፣ የጠበቀ ሰው የማይከስርበት ሥርዓት ያገኛል።