የስምዖን ሚዛን፦ ጸጋ፣ እምነትና ግብዝነት በሉቃስ ወንጌል

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ማብቂያ ላይ አንድ ግብዣ አለ። ጋባዡ ስምዖን የሚባል ፈሪሳዊ ነው፤ ተጋባዡ ኢየሱስ። በዘመኑ ወግ እንግዶች በግራ ክርናቸው ተደግፈው፣ እግራቸውን ከማዕዱ ወደ ኋላ ዘርግተው ጋደም ይሉ ነበርና ከበር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እግራቸውን ነው። ማንም ያልጠራት፣ ከተማው በኃጢአቷ የሚያውቃት ሴት የአልባስጥሮስ ብልቃጥ ይዛ ገባችና እዚያው እግሩ ሥር ቆመች። እንባዋ እግሩን አራሰው፤ በጠጉሯ አበሰችው፤ ሳመችው፤ ሽቱም ቀባችው። ስምዖን ይህን ሁሉ እያየ ትንፍሽ አላለም። የተናገረው በልቡ ነው፤ ይህ ሰው ነቢይ ቢሆን ኖሮ የምትነካው ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች በገባው ነበር ብሎ።

ታሪኩ በስብከት ሲቀርብ ስምዖን ብዙ ጊዜ «ግብዝ» ተብሎ ይታለፋል። ሉቃስ ግን አንድም ቦታ እንዲያ አይለውም። ስምዖን የማያምንበትን አልተናገረም፤ ያልሆነውን ሆኖ አልታየም። ሰውየው ከልቡ ሃይማኖተኛ ነው፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በወንጌላት ውስጥ ግብዝነት ከማስመሰል ይሰፋል። ከማስመሰሉ በፊት ሰው ራሱንና ሌላውን የሚመዝንበት ሚዛን ይዛባል። ለዚህ ንባብ ደግሞ ከግሪኩ ይልቅ የግዕዙ ቃል ጥሩ ምስክር ነው።

ግሪኩ «ሂፖክሪቴስ» በጥንት አጠቃቀሙ የመድረክ ተዋናይ ማለት ነው። በዛሬዎቹ የምሁራን የግሪክ እትሞች ቃሉ በአዲስ ኪዳን 17 ጊዜ ይገኛል፤ 13 ጊዜ በማቴዎስ፣ 1 ጊዜ በማርቆስ፣ 3 ጊዜ በሉቃስ። ሁሉም ከኢየሱስ አንደበት የወጡ ናቸው። ከናዝሬት 6 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሴፎሪስ ከተማ በቁፋሮ የተገኘ ትልቅ ቴአትር አለ፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ኢየሱስ ምስሉን የወሰደው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ቴአትሩ በእርሱ ወጣትነት ዘመን ተሠርቶ ነበር ወይ የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። የተራራው ስብከት ያለ ሴፎሪስም መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ለተመልካች ሲባል ከተደረጉ ዋጋቸውን እዚያው መድረኩ ላይ ተቀብለዋል።

የግዕዝ ተርጓሚዎች ተዋናይን አልፈለጉም። የመረጡት «መደልው» የሚለውን ቃል ነው፤ በማቴዎስ 23 ጻፎችና ፈሪሳውያን ተደጋግመው «መደልዋን» የተባሉት በዚህ ነው። ሥሩ «ደለወ»፣ መዘነ ማለት ነው፤ ሚዛን «መድሎት» የተባለውም ከእርሱ ነው። «አድለወ» ሲሆን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። አማርኛ «አድልዎ» የሚለውን ቃል ከዚሁ ቤት ወርሶ ዛሬም በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ይሠራበታል። የትርጉሙ ዕድሜ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራና በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያርፋል። ተርጓሚዎቹ ይህን ሁሉ አስበው መረጡ ለማለት ማስረጃ የለም። ቃሉ ግን አንባቢውን ከቴአትር አውጥቶ ገበያ መሐል ያቆመዋል። ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ሌላ ሰው መስሎ መታየት አያስፈልገውም፤ ጣቱ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ታርፋለች፣ በቃ። ልማድ ሲሆንበት ጣቱ እዚያ መሆኗንም ይረሳዋል።

ይህ ንባብ የሚጸናው በሉቃስ 13 ነው። 18 ዓመት ጎብጣ ቀና ማለት ያቃታት ሴት በሰንበት ቀን በምኩራብ ተፈወሰች። የምኩራቡ አለቃ ተቆጣ፤ ስድስት የሥራ ቀን እያለ በሰንበት መፈወስ ለምን አስፈለገ አለ። ሰውየው አላስመሰለም፤ ሰንበትን በእውነት ያከብራል። ኢየሱስ ግን ግብዞች ሲል መለሰ፤ ምክንያቱንም አብሮ ሰጠ። ከእነርሱ እያንዳንዱ በሰንበት በሬውን ወይም አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ ሊያጠጣ ይወስዳል። ጥቂት ሰዓት የተጠማ በሬ ዛሬውኑ ይፈታል፤ 18 ዓመት የታሰረች የአብርሃም ልጅ ግን እስከ ነገ ትቆይ። እዚህ ውስጥ ትወና አይገኝም፤ አድልዎ ግን አፍጥጦ ይታያል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ይህን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስምዖን ማዕድ መመለስ ይቻላል። ኢየሱስ ጋባዡን በወቀሳ አልጀመረም፤ የሚመዝነው ነገር ሰጠው። ለአንድ አበዳሪ ሁለት ባለዕዳዎች ነበሩት፤ አንዱ 500 ዲናር፣ ሌላው 50 ዲናር። በማቴዎስ 20 እንደሚታየው ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነበረ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ፣ የሁለተኛው ሁለት ወር ገደማ የጉልበት ሥራ ነው። ሁለቱም የሚከፍሉት ሲያጡ ለሁለቱም ተወላቸው። አብልጦ የሚወደው የትኛው ነው? ስምዖን ብዙ የተተወለት ይመስለኛል አለ። ኢየሱስም በትክክል ፈረድህ አለው።

የታሪኩ እምብርት ይህ ፍርድ ነው። ጉዳዩ የሌላ ሰው ሲሆን የስምዖን ሚዛን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንግዲያው ችሎታ አልጎደለውም፤ መመዘን ያውቃል። የተዛባው ራሱን በአንዱ ሳህን፣ ሴቲቱን በሌላው ሲያስቀምጥ ነው። ኢየሱስ ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ሴቲቱ፣ ቃሉን ወደ ስምዖን አድርጎ ቆጠራውን ጀመረ፦ ለእግሬ ውኃ አላቀረብክም፣ አልሳምከኝም፣ ራሴን ዘይት አልቀባህም። ውኃ አለመቅረቡ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በገጠር ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩን ሲታጠብ ያየ፣ በጸሎተ ሐሙስም በወይራና በወይን ቅጠል እግሩን በካህን የታጠበ ሰው፣ አንድ ጣሳ ውኃ መቅረቱ ስንት ነገር እንደሚናገር ያውቃል። ስምዖን ሴቲቱ የሠራችውን አንድ በአንድ ሲቆጥር እርሱ ያስቀረውን አልቆጠረም ነበር።

ጸጋም ወደዚህ ቤት የገባው በአንድ ግሥ ተሸሽጎ ነው። በተለምዶ ጸጋ የሚባለው «ካሪስ» የተሰኘ የግሪክ ስም በማቴዎስና በማርቆስ ጨርሶ የለም፤ በዮሐንስ መቅድም 4 ጊዜ፣ በሉቃስ 8 ጊዜ ብቻ ይገኛል። የክርስትና ዋና ቃል የሚባለው በወንጌላት ይህን ያህል ብርቅ መሆኑ ያስገርማል። በምሳሌው ውስጥ «ተወላቸው» የተባለበት ግሪክኛ ግሥ ግን የካሪስ ዘመድ ነው፤ እንዲያው በችሮታ ሰጠ ማለት ነው። የግዕዙም «ጸጋ» በነጻ መስጠትን ከሚያመለክተው «ጸገወ» ጋር አንድ ሥር አለው። የ50 ዲናሩ ባለዕዳ ከ500ው ይሻላል ማለት ሐሰት አይሆንም፤ መዝገቡ ላይ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ኪሳቸው ሲዳበስ ግን ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ አበዳሪውም የተመለከተው ኪሳቸውን ነው።

ማቴዎስ 18 ይህን ስሌት ከልክ በላይ ያገዝፈዋል። በዚያ አንድ ባሪያ 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት። መክሊት 6,000 ዲናር ስለሆነ ዕዳው 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ጆሴፈስ ሄሮድስ አንቲጳስ ከገሊላና ከጴርያ በዓመት 200 መክሊት ያገኝ እንደነበር ጽፏል፤ በዚህ ሒሳብ የባሪያው ዕዳ የአንድ ገዥ የ50 ዓመት ገቢ ነው። ያን ሁሉ የተተወለት ሰው በር ላይ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አግኝቶ ጉሮሮውን አነቀው። ከተተወለት 600,000 እጅ አንዱ ነው። ማቴዎስ ይህን ባሪያ ክፉ ይለዋል፤ ግዕዙ መደልው ቢለው ግን ማንም አይደነቅም ነበር።

አንድ የቆየ ክርክር እዚህ ይነሳል። ኢየሱስ ስለ ሴቲቱ ሲናገር ብዙ ስለወደደች ብዙ ኃጢአቷ ተሰርዮላታል የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ፍቅሯ ለስርየቱ ምክንያት ነው ወይስ ምልክት? የግሪኩ አያያዥ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል፤ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሊቃውንትም በዚህ ላይ ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል። ምሳሌው ራሱ ግን ቅደም ተከተሉን ቆርጦ አስቀምጦታል። ባለዕዳዎቹ የወደዱት ዕዳው ከተተወላቸው በኋላ ነው፤ ማንም አበዳሪውን በፍቅሩ አልከፈለውም። ስለዚህ እንባው፣ ጠጉሩና ሽቱው ቀድሞ የተደረገ ነገር ምስክር ናቸው ብሎ ማንበብ ይበልጥ ያስኬዳል። የስምዖን የደረቀ መስተንግዶም በዚሁ ልክ ምስክር ነው፤ ዕዳ እንዳለበት የማያውቅ ሰው የሚያመሰግንበት ምክንያት የለውም።

ኢየሱስ ሴቲቱን ያሰናበታት እምነትሽ አድኖሻል ብሎ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሴቲቱ አንዲት ቃል እንኳ አልተናገረችም። ሉቃስ ይህን ቃል በመጽሐፉ አራት ጊዜ ያሰማል፦ ለእርሷ፣ 12 ዓመት ደም ለፈሰሳት ሴት፣ ለምጻም ለነበረው ሳምራዊ፣ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ለሚለምነው ዕውር። ከአራቱ አንዱም የሠራውን በጎ ሥራ አላቀረበም፤ እንዲመዘንለት የጠየቀም የለም። በባዶ እጅ መምጣታቸው እምነት ተብሎ ተጠራ። ሽቱ ይዛ የመጣችው አንዷ ብቻ ናት፣ እርሷም ሽቱውን አፈሰሰችው እንጂ በምንም አልለወጠችውም።

ሉቃስ ስሟን አልጻፈም። በምዕራቡ ዓለም ጳጳሱ ታላቁ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ591 በሰጠው ስብከት ከመግደላዊት ማርያም ጋር አንድ አድርጓት ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት «ማርያም እንተ ዕፍረት» ይላታል። ዕፍረት በግዕዝ ሽቱ ነው፤ የኃፍረት ቃል ግን በኀ የሚጻፍ ሌላ ቃል ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ስለማይለይ ብዙ ሰው ስሟን ሲሰማ «የእፍረት ማርያም» ይመስለዋል። ጆሮ የተሳሳተው ስምዖን በተሳሳተበት በኩል ነው። ትውፊቱ በስጦታዋ ሲጠራት ሰሚው በነውሯ ያስታውሳታል፤ ይህን በአንዲት ሴት ላይ የተፈጸመ ግፍ ማረም ከቄስ እስከ መምህር የሁሉም ድርሻ ቢሆን መልካም ነበር።

ለፈሪሳውያንም ፍርድ ይገባል። በአማርኛ ስብከት «ፈሪሳዊ» ስድብ ሆኗል። ጆሴፈስ በታላቁ ሄሮድስ ዘመን ቁጥራቸውን ከ6,000 በላይ ያደርጋል፤ በሕዝቡ ዘንድ ከፍ ያለ ክብር እንደነበራቸውም ይመሰክራል። የባቢሎን ታልሙድ ሰባት ዓይነት ፈሪሳውያንን ዘርዝሮ አብዛኞቹን ለታይታ ሲሉ በመሥራታቸው ይነቅፋል፤ ማለትም ትችቱ ከራሳቸው ቤትም ነበረ። ሉቃስ ኢየሱስ በፈሪሳውያን ቤት ሦስት ጊዜ መብላቱን ይነግራል፤ ሄሮድስ ሊገድልህ ይፈልጋል ብለው ያስጠነቀቁትም ፈሪሳውያን ናቸው።

በሉቃስ 18 ምሳሌ የሚጸልየው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደሚጾም ለእግዚአብሔር ይቆጥርለታል፤ በስተኋላው ርቆ የቆመው ቀራጭ ግን ዓይኑን ለማንሳት እንኳ አልደፈረም። ከወንጌላት ብዙም ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ የተባለው የክርስቲያኖች መመሪያ ደግሞ ግብዞች ሰኞና ሐሙስ ስለሚጾሙ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ ይጹሙ ይላል። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1873 በቁስጥንጥንያ እስኪገኝ ድረስ ሙሉው የጠፋ ነበር፤ ልማዱ ግን ሳይጠፋ በኢትዮጵያ ጾመ ድኅነት ሆኖ እስከ ዛሬ ይጾማል። ጾሙ የከበረ ነው። ዲዳኬ ግን በዚህች ዓረፍተ ነገር ግብዝነትን የቀን ልዩነት አድርጎታል፤ ረቡዕና ዓርብ እየጾሙም ሰኞና ሐሙስ የሚጾመውን በዚያው የፈሪሳዊ ሚዛን መመዘን እንደሚቻል ሳያስጠነቅቅ አልፏል።

ስምዖን ከዚያ ግብዣ በኋላ ምን እንደሆነ ሉቃስ አልነገረንም። ስለ ሌላ ፈሪሳዊ ግን ዮሐንስ ይናገራል፤ የዐቢይ ጾም ሰባተኛ ሳምንት በስሙ የሚጠራለት ኒቆዲሞስ ነው። መጀመሪያ በሌሊት፣ ሰው ሳያየው መጣ። በመጨረሻ፣ ኢየሱስ ከመስቀል ሲወርድ፣ 100 ነጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ በቀን መጣ። በሮማውያን ሚዛን ወደ 33 ኪሎ ግራም ነው። ስምዖን ውኃ የነፈገውን እግር ሌላ ፈሪሳዊ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ሆኖ በዚያ ሽቱና በተልባ እግር ጨርቅ ከፈነው።